ከፍትፍቱ መብራቱ

በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ምግብ ቤት መጻፍ ምን ይሉታል የሚሉን አይጠፉም። እንዴ! ግጥሙ ቤት መታ አልመታ እያልን የምንጨቃጨቅ ሰዎች ስለ ቅርጽና ስለ ይዘት ገበታ ላይ ብንከራከር ምን ነውር አለው? የሁለቱ ጠብ ደግሞ በትልልቅ ከተሞች እንደሚታየው «ዘመናዊ የካንቶን ምግብ ቤት» ፍጥጥ ብሎ የሚወጣበት ስፍራ ጥቂት ነው።

ከአንዱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2001 (ዓመቶቻችን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሆንግ ኮንግ ተወላጅ የሆነው አለን ያው ለንደን ውስጥ ከምድር በታች ሃካሳንን ከፈተ። አዳራሹን የነደፈው ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሊዬግር ነው፤ ጠቆር ያለ እንጨት፣ የተፈለፈለ መከለያ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት። በ2003 የሚሸሊን መመሪያ ኮከብ ሰጠው። ከታወቀባቸው ምግቦች አንዱ ከካቪያር ጋር የሚቀርብ የፔኪንግ ዳክዬ ነው። ፔኪንግ ከካንቶን ርቃ ሰሜን ያለች ከተማ መሆኗን ማን ልብ ይላል? ከዚያ ወዲህ ይኸው መልክ ከለንደን እስከ ዱባይ ተዛመተ።

አድናቂዎቹ ታዲያ ምን ይሉናል? «የቻይና ምግብ ከርካሽነት ወጥቶ ጥበብ ሆነ» ይሉናል። እኛ የተነሣነው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ለመሆኑ ጥበብ ያልነበረው መቼ ነው? ሃር ጋው የሚባለውን በሽሪምፕ የተሞላ ጥቅል እንውሰድ። ከስንዴ ስታርች የሚሠራው ልባሱ ውስጡን እስኪያሳይ መሳሳት አለበት፤ በእንፋሎት በስሎ በቾፕስቲክ ሲያነሡት ግን መቀደድ የለበትም። አፉ በእጥፋት ይዘጋል፤ እጥፋቱ ከሰባት ካነሰ አዋቂው በላተኛ ሠሪውን ይታዘበዋል። ዓሣው ከገንዳ በሕይወቱ ወጥቶ በእንፋሎት ይበስላል፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈበት ሥጋው ደረቀ ማለት ነው። «የምጣድ እስትንፋስ» የሚሉት ዎክ ሄይም ከእሳቱ እስከ ገበታው መንገድ ላይ ከዘገየ የለም። ይህን ሁሉ ያወጡት ስማቸው ያልተጻፈላቸው የጓንግዶንግ ወጥ ቤቶች ናቸው፤ የመብራት ነዳፊ አይደለም።

ማስረጃ ከተፈለገ እነሆ። ማክ ክዋይ ፑይ የተባለ ባለሙያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሦስት ኮከብ በነበረው የሆቴል ምግብ ቤት ዲም ሰም ይሠራ ነበር። ያንን ትቶ በ2009 ሞንግ ኮክ ሠፈር ውስጥ ሃያ ያህል ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ቲም ሆ ዋን የምትባል ጠባብ ቤት ከፈተ። መመሪያው በ2010 እትሙ ለእሷም ኮከብ ሰጣት! ወንበሩም መብራቱም እዚያው ሆቴሉ ቀርቷል፤ ጣዕሙ ግን እጁን ተከትሎ መጣ።

«እና የካንቶን ምግብ ዘላለም ርካሽ ይሁን ነው የምትሉት?» ብሎ የሚሞግተን ይኖራል። ኧረ አይደለም! የፈረንሳዩ ሲወደድ ዝም ብሎ የቻይናው ሲወደድ «ምነው?» ማለት ራሱ ንቀት ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከሆንግ ኮንግ ገጠር ወደ እንግሊዝ የተሰደዱት ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ምጣድ ላይ ቆመው አገሩን በርካሽ መገቡ፤ የተመገበውም የምግቡን ርካሽነት የሙያው ርካሽነት አድርጎ ቆጠረው። ዋጋውን ከፍ ያደረገውን አለን ያውን አንወቅስም። የምንወቅሰው ትናንት ያንኑ ጥቅል በወረቀት ከረጢት ሲሰጡት የናቀውን፣ ዛሬ በጨለማ ውስጥ ሲያቀርቡለት «ጥበብ!» ብሎ የሚያጨበጭበውን በላተኛ ነው። እሱ ያከበረው መብራቱን ነው።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የጋባዡን ፊት ማለታቸው እንጂ የግድግዳውን ፊት ማለታቸው አልነበረም። ካንቶኖችም ይህን ያውቁታል። ያም ቻ፣ ማለትም «ሻይ መጠጣት»፣ በሚሉት ሥርዓታቸው ሰው ከራሱ ስኒ በፊት የሌላውን ይሞላል፤ የተቀዳለትም በሁለት ጣቱ ገበታውን መታ መታ አድርጎ ያመሰግናል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ተሰብስቦ ይንጫጫል። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊቱ በማይለይበት፣ ሙዚቃው ወሬ በማያስወራበት አዳራሽ ከዚህ ምን ተረፈ?

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። የአዳራሹን ነዳፊ ስም እየጠሩ የሚያስጎበኙን ሰዎች፣ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ያንን ሃር ጋው የሚያጥፈውን ሰው ስምም ይንገሩን። ስለ ጥበብ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።