ፖስተር አትላኩልን፣ ደብዳቤ ጻፉልን

በውጭ አገር ካሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤቶች በኢሜይል የሚላኩት ወቅታዊ መልእክቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ መልክ አላቸው። መልእክቱ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች አንድ ምስል ነው፤ ዓርማው፣ ባለቀለሙ ርዕስ፣ የክብር እንግዶቹ ፎቶግራፍ፣ ቀኑ፣ አድራሻውና ስልክ ቁጥሩ ሁሉ እዚያው ላይ ሰፍረዋል። አዘጋጆቹ በቅንነት እንደደከሙበት አያጠራጥርም። ይሁንና ይህ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንጂ ለሰው የሚላክ ደብዳቤ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚቀረውም በዚሁ ይመስለኛል።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ጽሑፍን ምስል አድርጎ መላክ ብልሃት ነበር። ዛሬ ግን በየእጃችን ያሉት ስልኮች አማርኛን ያለ ችግር ያሳያሉ፤ የቀረልን ጉዳቱ ብቻ ነው። ምስል ላይ የተጻፈን ስልክ ቁጥር ነክቶ መደወል፣ አድራሻውንም ቀድቶ ካርታ ውስጥ መክተት ቀላል አይደለም። ዓይነ ስውሩ አንባቢ በስክሪን ማንበቢያው የሚሰማው ነገር የለም። ከወራት በኋላ የምዝገባውን ቀን የሚፈልግ ወላጅም በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። አውትሉክን የመሰሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ምስልን ተቀባዩ ካልፈቀደ አያሳዩም፤ በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ነጭ ገጽ ነው።

ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት የኢሜይሉ ርዕስ ነው። በብዙ ስልኮች ከርዕስ የሚታየው ሠላሳና አርባ ፊደል ያህል ነው። በአማርኛ ደግሞ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የማኅበራችን የዘንድሮ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በመጪው እሑድ መካሄዱ ቀርቶ ወደ ግንቦት 12 ተዛወረ» የሚለው ርዕስ «እሑድ» ላይ ሲቆረጥ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ አንባቢው እሑድ ለባብሶ ከተዘጋ አዳራሽ ይደርሳል። «ጉባኤው ተራዘመ፦ ከእሑድ ወደ ግንቦት 12» ቢባል ግን ፍሬ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለሆነም ርዕስ የሚጽፍ ሰው ግሡን ወደ ፊት የሚያመጣ አጭር ዓረፍተ ነገር መልመድ አለበት። የጽሑፉም ክብደት መታሰብ አለበት፦ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ ይይዛል፤ ጂሜይል ደግሞ መልእክቱ 102 ኪሎባይት ሲያልፍ የቀረውን ይቆርጠዋል።

ሲቆረጥ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ግርጌ ላይ ያለው ከዝርዝሩ መውጫ ማስፈንጠሪያ ነው። ሰው እንዳይወጣብን ብለው ይህን በር ሆን ብለው የሚደብቁም አሉ። አይጠቅማቸውም። መውጫ ያጣ አንባቢ «ስፓም» የሚለውን ይጫናል፤ ይህ ሲደጋገም መልእክቱ ለወዳጆችም መድረሱ ያጠራጥራል። ጎግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጅምላ ላኪዎችን በአንድ ጠቅታ መውጫ እንዲያበጁ አስገድደዋል፤ ጎግል ይህን የሚጠይቀው በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩትን ነው፣ የስፓም አቤቱታውም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ያሳስባል። ከሺህ ሰው ሦስቱ ማለት ነው። ትንሽ ማኅበር በሕጉ ባይያዝም በልኩ መሄዱ ለራሱ ነው።

ፖስተሩ ዓይን ይስባል፣ የከፋቾቻችንም ቁጥር ጥሩ ነው የሚል ክርክር ይነሳል። ውበትን አልጠላም፤ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ከጽሑፉ ጋር ቢገባ ደስ ይላል። የከፋቾች ቁጥር ግን ማስረጃነቱ ደክሟል። አፕል በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ሰውየው ባያነበውም ምስሎቹ ቀድመው ስለሚጫኑ መልእክቱ እንደተከፈተ ይቆጠራል። የሚሻለው መለኪያ ስንት ሰው መለሰ፣ ስንት ሰው ተመዘገበ የሚለው ነው። ለዚህም «መልስ አይላክበት» የሚል አድራሻን ትቶ መልስ የሚያነብ ሰው ባለበት አድራሻ መላክ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ሕዝባችን ቴሌግራም ላይ እያለ ኢሜይል ለምን? አገር ቤት ላለውና ኢሜይሉን በየዕለቱ ለማይከፍተው አንባቢ ይህ እውነት ነው፤ የለቅሶና የድንገተኛ ስብሰባ ጥሪም በቴሌግራም ቢሄድ ይፈጥናል። ነገር ግን በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ቴሌግራምና ፌስቡክ በኢትዮጵያ ሲገደቡ በእነሱ ብቻ የተማመነ ላኪ ለወራት ከአንባቢው ተለያይቷል። በፈቃድ የተሰበሰበ የኢሜይል ዝርዝር ግን የማኅበሩ የራሱ ነው፤ መድረኩ ቢዘጋ ወይም ቢቀየር ይዞት ይሄዳል። በጀቱ፣ ቃለ ጉባኤውና የምዝገባው መመሪያ፣ ማለትም ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚፈለገው ሁሉ፣ በቡድኑ ወሬ መካከል ከሚቀበር በኢሜይል ቢላክ ይሻላል።