ከደም ናሙና ስለሚወጣው ቁጥር፦ ለጤና ባለሥልጣናትና ለተመራማሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

በደም ውስጥ የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ፣ ሰውነት ከአንድ ቫይረስ ጋር ታግሎ እንደነበር የሚመሰክር ምልክት ነው። የፒሲአር ምርመራ ቫይረሱን የሚያገኘው ሰው በተያዘበት ሰሞን ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ብሎ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ሳያማቸው ያለፉትን፣ አሟቸውም ጤና ተቋም ያልደረሱትን ጭምር ለመገመት ከኅብረተሰቡ ደም ተወስዶ ይመረመራል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ከዚያ ደም ቁጥር ለሚያወጡ ተመራማሪዎችና በቁጥሩ ለሚወስኑ የጤና ባለሥልጣናት ነው።

እንዲህ ያለ ቅኝት የሚሰጠው ጥቅም በኢትዮጵያ ታይቷል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የኮቪድ-19 ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ከነበሩበት 10.9 በመቶ በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 53.7 በመቶ ደረሱ። በጅማ ሕክምና ማዕከል ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከ30.8 ወደ 56.1 በመቶ አደገ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሰው ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። የሆስፒታል ሠራተኛ ከገበሬውና ከነጋዴው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ በመሆኑ ይህን ቁጥር በቀጥታ ለአገር ማድረግ አይቻልም። ቢሆንም በየዕለቱ መግለጫ ይነገር የነበረው አኃዝ ከወረርሽኙ ምን ያህል እንደራቀ ለማሳየት ይበቃል። ምርመራ ውድ በሆነበት አገር ቅኝቱን መተው ሕዝቡን ሳይቆጥሩ መተው ነው።

በጥንቃቄ ያልተነገረ ቁጥር የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ የካሊፎርኒያው የሳንታ ክላራ ካውንቲ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3,330 ሰዎች ጣት ደም ወስደው በ50ዎቹ ላይ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ፤ 1.5 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ ተነሥተው በካውንቲው ከ48 ሺህ እስከ 81 ሺህ ሰው ተይዟል ሲሉ ገመቱ። በምርመራ የተረጋገጡት ያኔ አንድ ሺህ ገደማ ነበሩ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ በሽታው ተጋንኗል ለሚሉ ወገኖችም መከራከሪያ ሆነ። መመርመሪያው ግን ቫይረሱ እንደሌለባቸው በሚታወቁ 401 ናሙናዎች ላይ ሲሞከር ሁለቱን “አለባቸው” ብሎ ነበር። በዚህ መጠን ከ3,330 ሰዎች ወደ 17 የሚሆኑት ሳይያዙ ተይዘዋል ይባላሉ። በ401 ናሙና ብቻ የተለካ ስሕተት ደግሞ በእውነቱ 1.5 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ሃምሳውም ያልተያዙ የመሆን ዕድል አለ ማለት ነው። ተሳታፊዎቹም የተጠሩት በፌስቡክ ማስታወቂያ ነበር። ትኩሳትና ሳል ይዞት ያለፈ ሰው ለመመርመር ከሌላው ይልቅ መጓጓቱ አይቀርም። ተመራማሪዎቹ ኋላ ስሌታቸውን ከለሱ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ግን ቀድሞ ሥራውን ሠርቷል።

በስፔን በዚያው ጸደይ የተካሄደው ቅኝት ከዚህ ይለያል። ቤተሰቦች በዕጣ ተመርጠው ከ61 ሺህ በላይ ሰዎች ተመረመሩ፤ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከባድ የሞት ማዕበል ካለፈ በኋላ እንኳ አብዛኛው ሕዝብ ገና አልተያዘም ነበር፤ ባለሥልጣናቱም ይህን ለሕዝቡ ነገሩት።

ከሁሉ የከፋውን ትምህርት የሰጠችው የብራዚሏ ማናውስ ከተማ ናት። ከደም ለጋሾች በተወሰደ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2020 ከከተማዋ ነዋሪ 76 በመቶ ያህሉ መያዙን ገመተ። ፀረ እንግዳ አካል ከጊዜ ጋር ስለሚቀንስ ቁጥሩ የተገኘው የደበዘዘው ተሰልቶና ተጨምሮ ነው። ወረርሽኙ ያበቃለት የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 2021 ግን ሆስፒታሎቹ ሞልተው ኦክስጅን አለቀ፤ ሕሙማን ታፍነው ሞቱ። ደም ለጋሾች ከተማውን ሁሉ አለመወከላቸው፣ የስሌቱ ግምት፣ ጋማ የተባለው አዲስ ዝርያ፣ የመከላከል አቅም መድከም፣ ሁሉም እንደ ምክንያት ተነሥተዋል። ፀረ እንግዳ አካል የተገኘበት ሰው ዳግም አይያዝም የሚል ዋስትና በጥናቱ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ ከተመራማሪዎችና ከባለሥልጣናት ኅሊና የሚጠበቅ ግዴታ አለ። በመቶኛ ከተነገረ ውጤት ሁሉ ጋር ስንት ሰው እንደተመረመረና በስንቱ እንደተገኘ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ መመርመሪያው በስንት ናሙና ተፈትኖ ስንቱን እንዳሳተ፣ ደሙ መቼ እንደተወሰደ አብሮ ይውጣ። ጋዜጠኛ ስለጠየቀ ወይም ስብሰባ ስለደረሰ ብቻ የግምቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ተቆርጦ መሐሉ አይነገር።

ደሙን ለሰጠው ሰውም ዕዳ አለባቸው። ከመቶ ሰው አንድ ብቻ በተያዘበት አካባቢ፣ ከመቶ ያልተያዙ አንዱን የሚያሳስት መመርመሪያ “አለባችሁ” ከሚላቸው ግማሽ ያህሉ ያልተያዙ ናቸው። ይህ ሳይነገራቸው ውጤቱን የተቀበሉ ሰዎች ተጠብቀናል ብለው ጭንብል ያወልቃሉ፤ አረጋዊ ወላጆቻቸውንም ሳይሰጉ ይጠይቃሉ። ውጤታቸው ሲሰጣቸው የጤና ባለሙያ በሚገባቸው ቋንቋ ይህን ሊያስረዳቸው ይገባል፤ የማስረዳቱ ወጪም ከመመርመሪያው ዋጋ ጋር በጥናቱ በጀት ውስጥ ይያዝ።