የኋላ ደጀን

በጥንቱ ሰልፍ ፊታውራሪው ከፊት ይቀድማል፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች በየወገናቸው ይሰለፋሉ፤ የኋላ ደጀኑ ግን ከሁሉ በኋላ ሁኖ ጓዙን፥ ሴቶቹንና ሕፃናቱን እየጠበቀ ይከተላል። ድል በተነገረ ጊዜ አዝማሪው የፊታውራሪውን ስም ያነሣል እንጂ የደጀኑን ስም ሲያነሣ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ደጀኑ ሥራውን በሚገባ ከፈጸመ ከኋላ ምንም ነገር አልደረሰምና፥ ምንም ስላልደረሰ ነገር ደግሞ ማን ይዘፍናል? በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ኤምለን ተኔል የሚባለው አሜሪካዊ በኳስ ሜዳ ላይ የኋላ ደጀን ሁኖ ዝናን ያገኘ ሰው ነው። ከኳስ ሜዳ ውጭ የፈጸመው ደጀንነት ግን በአገሩ መንግሥት ዘንድ ዋጋውን ያገኘው እርሱ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ እግር ኳስ ብለን ከምናውቀው ጨዋታ ፈጽሞ የተለየ ነው። ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለ ሲሆን በእጅ ይያዛል፥ ይወረወራል፥ ታቅፎም ይሮጡበታል። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደ ፊት መራመድ አለበት፤ ይህ ካልሆነለት ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። አንዱ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። የፊተኞቹ እንደ በሬ ተጋጥመው ሲገፋፉ ከኋላ የቆሙት ጠባቂዎች ግን ዓይናቸውን ወርዋሪው ላይ ተክለው ይጠብቃሉ፤ ኳሱ ከእጁ በወጣ ጊዜ ወዴት እንደሚወርድ ፈጥነው ማወቅ አለባቸው። የፊተኛው ሰው ቢሳሳት ከኋላው ሌላ ሰው አለ። የኋለኛው ቢሳሳት ግን ከኋላው ያለው ባዶ ሜዳ ብቻ ነው፤ ስሕተቱንም በዙሪያው የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ያየዋል። በሌላ በኩል፥ ለባላጋራ የተወረወረውን ኳስ በአየር ላይ ከጠለፈ መከላከሉ በዚያው ቅጽበት ወደ ማጥቃት ይለወጣል። እንግዲህ ጥበቡ መቼ ዘሎ እንደሚጠልፍና መቼ ታግሦ እንደሚቆም መለየቱ ነው።

ኤምለን ተኔል ያደገው በፔንሲልቫንያ ግዛት ከፊላደልፊያ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ጋሬት ሂል በምትባል ትንሽ መንደር ነው፤ ልጆቿን በገዛ ድካሟ ያሳደገቻቸውም እናቱ ነበረች። እርሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በልጅነቱ ዘመን፥ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1934 እስከ 1945 ዓ.ም. (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፥ በደመወዝ በሚጫወቱት ትልልቅ ማኅበሮች ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። በሩን የዘጋው የተጻፈ ሕግ ሳይሆን የባለቤቶቹ ፈቃድ ነበር። ስለዚህ ያ ልጅ ኳስ ሲጫወት ወደ ፊት እንጀራዬ ይሆናል ብሎ ተስፋ የሚያደርግበት ነገር በፊቱ አልነበረም።

በ1942 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ ላይ የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። በጦርነት ጊዜ ስለነበረ ሌሎች ጎልማሶች እንዳደረጉት እርሱም ወታደር ለመሆን ቢጠይቅ የምድር ጦሩም የባሕር ኃይሉም ስለ አንገቱ አልቀበልህም አሉት። ይሁን እንጂ ተቀምጦ አልዋለም። የቶሌዶ ቅርጫት ኳስ ቡድን በ1943 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው ትልቅ ውድድር እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ሲደርስ እርሱም ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበረ። በዚያው ዓመት የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ሠራዊት ተቀበለው።

በዚያ ዘመን በጠረፍ ጠባቂው መርከብ ላይ ለጥቁር ሰው የሚሰጠው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ቤትና ማዕድ ነበር። የተኔልም ማዕርግ የመኰንኖች አሳላፊ የሚባለው ነበር። በሚያዝያ ወር 1944 ዓ.ም. የነበረባት ኤታሚን የምትባለው የጭነት መርከብ በኒው ጊኒ ደሴት ጠረፍ ላይ ጥይትና ቤንዚን ጭና ሳለች የጃፓን አይሮፕላን ቶርፔዶ ለቆባት እሳት ተነሣ። አንድ የመርከብ ጓዱ በነበልባል ተያዘ። ተኔል እሳቱን በገዛ እጁ እየመታ ካጠፋለት በኋላ ሰውየውን ተሸክሞ ከአደጋው ስፍራ አወጣው፤ እርሱም እጁ ተቃጠለ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ታምፓ በምትባለው መርከብ ላይ ሁኖ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ሳሉ አንድ መርከበኛ ወደ ባሕር ወደቀ። ውሃው ወደ በረዶነት ሊለወጥ የቀረበ ብርድ ነበር። ተኔል ዘሎ ገባና ሰውየውን አዳነው። ሁለት ጊዜ ሁለት ነፍስ ማለት ነው፤ ሥራውም ማዕድ ማሳለፍ ነበረ።

ከመዝገብና ከቀለም ጋር የሚውል ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። የክፉ ሥራ ክስ በዕለቱ ይጻፋል፤ የመልካም ሥራ ምስክር ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊ አያገኝም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ተኔል ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የ1946ን እና የ1947ን የጨዋታ ወራት በዚያ ተጫወተ፤ አንገቱ ተሰብሮ የነበረው ሰው እንደገና ኳስ ታቅፎ ሮጠ። በ1948 ዓ.ም. ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። ትልልቆቹ ማኅበሮች በየዓመቱ ከየኮሌጁ ተጫዋች ሲመርጡ ስሙን የጠራው አልነበረም። እርሱ ግን ማንም ሳይጠራው ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ ተነሣ፤ ከመንገዱም አንዱን ክፍል የሄደው ሙዝ በጫነ ካሚዮን ላይ ለምኖ ተሳፍሮ ነው። ጃያንትስ ወደሚባለው ማኅበር ጽሕፈት ቤት ገብቶ ፈትኑኝ አለ። የማኅበሩ ባለቤት ቲም ማራ በድፍረቱ ተደስቶ ዕድል ሰጠው። በዚያ ማኅበር ልብስ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ሆነ። ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ይህን ነገር ስንሰማ ሳንገረም አንቀርም፤ አማላጅ የለው፥ ደብዳቤ የለው፥ ያለው ቆሞ የመጠየቅ ልብ ብቻ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነው የኳስ ታሪክ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክሊቭላንድ ብራውንስ የሚባለው ማኅበር ከሌላ ውድድር መጥቶ ገባ፤ በዚያኛው ውድድር ከ1946 እስከ 1949 በተከታታይ አራት ጊዜ አንደኛ የወጣ ነበር፤ ወርዋሪው ኦቶ ግራምም ኳስን በአየር ላይ በማድረስ እጅግ የተፈራ ነበር። የጃያንትስ አሠልጣኝ ስቲቭ ኦወን ለዚህ አዲስ ሰልፍ ሠራ። ስድስት ሰዎች ከፊት ሲሆኑ በዳርና በዳር ያሉት ሁለቱ በድንገት ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ አራት ጠባቂዎች ደግሞ ከኋላ በቅስት ይቆማሉ። ሰልፉ ከላይ ሲታይ የተዘረጋ ጃንጥላ ስለሚመስል ጃንጥላ ተባለ። በጃንጥላው ጥልቅ ስፍራ ከቆሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ተኔል ነበር፤ ኋላ በአሠልጣኝነቱ ስመ ጥሩ የሆነው ቶም ላንድሪም ከዳሮቹ አንዱን ይዞ ነበር። በዚያ ቀን ኦቶ ግራም በጨዋታው የመጀመሪያ አጋማሽ አንዲት ኳስ እንኳ ለወገኑ ማድረስ አልቻለም፤ ጃያንትስም 6 ለ 0 ረታ። በአገራችን ጃንጥላ የሚዘረጋው ለታቦትና ለታላቅ ሰው ክብር ነው፤ በዚያ ሜዳ ግን ከሥሩ የተጠበቀው ባዶ ሣር ነበረ፤ ያም ባዶ መቅረቱ ነበር ድሉ።

ተኔል ከ1948 እስከ 1961 ዓ.ም. 14 የጨዋታ ዓመት ቆየ። በዚህም ጊዜ 79 ኳስ ከባላጋራ ጠለፈ፤ የጠለፈውንም ይዞ 1,282 ያርድ ሮጠ። እርሱ ሲያቆም ከእርሱ የበለጠ የጠለፈ አልነበረም፤ ይህ ክብረ ወሰን የተሻረው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ያሻረውም ፖል ክራውዝ በ81 ነበር። በ1952 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ዓመት ኳስ ታቅፈው ከሚሮጡት አጥቂዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ሰው 894 ያርድ ሮጠ፤ ተኔል ግን ከጠለፋቸውና ባላጋራ በእግር መትቶ ከላካቸው ኳሶች ብቻ ከ900 ያርድ በላይ አስመዘገበ። ስለዚህ «በመከላከያ ወገን ያለ አጥቂ» የሚል ስም ወጣለት። በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ጃያንትስ ቺካጎን 47 ለ 7 ረትቶ የአገሩ አንደኛ ሲሆን ከኋላ ቆሞ ነበር።

በየተማሪ ቤቱ የጨዋታ ቀን በሆነ ጊዜ ከዳር ተቀምጠን የምንመለከት አባቶችና እናቶች ግብ ያገባውን ልጅ ጠርተን እንስመዋለን፤ ግብ እንዳይገባ ያደረገውን ልጅ ግን የማን ልጅ ነው ብለን እንኳ አንጠይቅም። ልጆችም የሚወደሰውን አይተው ያንኑ ለመሆን ይሻሉ። ከዚህ የተነሣ ሁሉ ፊታውራሪ ሊሆን ሲሽቀዳደም ኋላው ክፍት ሁኖ ይቀራል፤ ይህም በኳስ ሜዳ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም።

በ1959 ዓ.ም. የጃያንትስ የማጥቃት ክፍል አሠልጣኝ የነበረው ቪንስ ሎምባርዲ የግሪን ቤይ ማኅበር አለቃ በሆነ ጊዜ ተኔልን ይዞት ሄደ። የሮጠበት እግር በዚያን ጊዜ አርጅቶ ነበር፤ የተፈለገው ግን ለዕውቀቱ ጭምር ነው። በ1960 ዓ.ም. ዊሊ ዉድ የሚባል፥ እንደ እርሱ ማንም ያልመረጠው ጥቁር ጎልማሳ ወደ ግሪን ቤይ ሲመጣ ተኔል የኋላ ጥበቃን ነገር አስተማረው። ዉድ ኋላ በዚያ ስፍራ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ቦታውን ለሚነጥቀው ጎልማሳ ጥበቡን ሳይደብቅ የሚያስተምር አዛውንት በየሙያው ስንት ይገኛል? የተኔል የመጨረሻ ጨዋታ የተደረገው በ1961 ዓ.ም. ማለቂያ ነው፤ ግሪን ቤይ 37 ለ 0 አሸንፎ አንደኛ ወጣ፤ የተሸነፈውም ያው የቀድሞ ማኅበሩ ጃያንትስ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ኦሃዮ ውስጥ ካንቶን በሚባለው ከተማ ወደሚገኘው የፉትቦል የዝና አዳራሽ ስሙ ገባ። እዚያ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ነው፤ በመከላከል ብቻ ከታወቁትም የመጀመሪያው እርሱ ነው። ወደ ጃያንትስ ተመልሶ ተጫዋች በመመልመልና በማሠልጠን ሲያገለግል ቆይቶ በሐምሌ 1975 ዓ.ም. በማኅበሩ የልምምድ ሰፈር ሳለ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ።

በሕይወቱ ሳለ ሕዝብ ያወቀው ስለ 79ኙ ጠለፋ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ ሠራዊት ስለ ሁለቱ ሰዎች ነፍስ የብር ሜዳይ በስሙ ሰጠ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ፥ ካደገባት መንደር አጠገብ፥ ኤምለን ተኔል የሚል ስም የተጻፈባት አዲስ የጥበቃ መርከብ ሥራ ጀመረች። መኰንኖች ያዘዙባት እንጂ አሳላፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው ስም የማይጻፍባት ዘመን ነበረ። በዚህ ዓይነት መርከቦች ላይ የሚጻፈው በተራ ወታደርነት ጀግንነት የፈጸሙ ሰዎች ስም ነው፤ አሜሪካኖችም ለመርከቦቹ ያወጡት የወል ስም ዘብ ማለት ነው። መርከቢቱም በ2022 ዓ.ም. አትላንቲክን ተሻግራ ወደ ባሕሬን ሄደች።