አራዊትን በእጅ ስለ ማጕረስ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ወደ ተባለው ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ ከሚመጡት እንግዶች፥ ሲመሽ ሐረር ወጥተው ለጅብ ሥጋ ማጕረስ የሚሹ አይጠፉም። ይህን ተራ ጨዋታ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። በናይሮቢ ሰው ለቀጭኔ በእጁ የሚያበላበት ስፍራ አለ፤ ጐብኚው የሚከፍለውም ገንዘብ ቀጭኔን ለማርባትና ልጆችን ስለ አራዊት ለማስተማር ይረዳል። (ሰብዓ ሊቃናት በተረጐሙት ኦሪት ዘዳግም፥ በምዕራፍ 14፥ ቀጭኔ ከሚበሉት እንስሳት ጋራ መቈጠሯን ካህናት ያስታውሷል።) የሐረር ጅብ ንጹሕ ባይባልም የከተማው ጎረቤት ነው፤ በጁገል ግንብ መግቢያ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ በዓሹራም ቀን ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል። እንዲህ ያለው ልማድ አይነቀፍም።

የሚያሳዝነው ግን በ1962 ዓ.ም. የተከለለው የባቢሌ ዝኆኖች መጠለያ በሰፈራና በእንጨት ቈራጭ መጐዳቱ ነው። የአቦሸማኔ ግልገሎችም በምሥራቁ በረሃ ተሰርቀው ባሕር ማዶ ይሸጣሉ። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ሹማምንት ተመካክረው፥ ጅቡን የሚያጐርሰው ሰው የድካሙን ዋጋ ሳይቀነስበት፥ ከእያንዳንዱ ጐብኚ ጥቂት ብር ለባቢሌ ዘበኞች እንዲሰበሰብ ቢወስኑ እንወዳለን። የተያዙትም ግልገሎች ሳይዘገይ ሆለታ አጠገብ ወዳለው ወደ እንስሳ ኮቴ ማዕከል ይላኩ።