ለምን ወደ ላይ ሮጠች?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሹም አቦ ከሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ተሰባስበን «ስክሪም» የተባለውን ፊልም ስናይ አመሸን። ዌስ ክሬቨን እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጀው፣ ጭንብል ያጠለቀ ገዳይ ወጣቶችን በቢላ የሚያሳድድበት ፊልም ነው። ሲድኒ የተባለችው ባለታሪክ ገዳዩ ሲመጣባት ደረጃውን ወደ ላይ ስትሮጥ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆነው ወዳጄ አጨብጭቦ ሣቀ። «በር እያለ ፎቅ ላይ የሚወጣ ሰው ከየት ይገኛል? ይህ የሴራ ክፍተት ነው። ደራሲው እኛን ለማስጨነቅ ሲል የልጅቱን አእምሮ ነጠቃት» አለ። ቤቱ ሁሉ ተስማማ። እኔ አልተስማማሁም። ያን ማታ በቡና መካከል የተቋረጠውን ሙግት ዛሬ በእናንተ በአንባቢያን ፊት ልጨርሰው።

በመጀመሪያ፣ ወዳጄ ፊልሙን በቅጡ አላየውም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲድኒ ራሷ በስልክ፣ በሩን ትታ ወደ ፎቅ በምትሮጥ የፊልም ልጅ ላይ ተሳልቃ ነበር። ገዳዩ ሲመጣባት ወደ በሩ ነው የሮጠችው፤ በሩ ግን በሰንሰለት ተይዞ አልከፈት አላት። የቀራት ደረጃው ነው። ደራሲው የያዘው በሶፋ ላይ ተደግፎ የሚፈርደውን ተመልካች ነው፤ ወዳጄም ወጥመዱ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ።

ይሁን፣ በሩ ክፍት ነበር እንበል። ያኔም ጥብቅና እቆምላታለሁ። እኔ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ጣና ዳር ስንዋኝ አብሮ አደጌ ጥልቁ ውስጥ ገባና መስመጥ ጀመረ። የደንገል ታንኳቸውን የሚያበጁ ዓሣ አጥማጆች ከእኛ ሃያ እርምጃ አይርቁም ነበር። እኔ ግን ወደ እነርሱ አልጮኽሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ እናቴ ዘንድ ወደ ቤት ሮጥሁ። ልጁን ያወጡት ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው አይተውት ነው። ዛሬም ስንገናኝ «ለምን ሮጥህ?» ይለኛል፤ መልስ ሰጥቼው አላውቅም። ይህን በልብ ወለድ ብጽፈው፣ ወዳጄ «ክፍተት» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበት ነበር።

ታዲያ እውነተኛው ክፍተት የትኛው ነው? ሾን ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1980 ያዘጋጀውን «ዓርብ 13» ተመልከቱ። ታሪኩ ከሐይቅ ዳር ነው። ጄሰን የሚባል ልጅ በ1957 በአንድ የወጣቶች ካምፕ ይሰምጣል፤ ጠባቂዎቹ ችላ ብለውት ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ገዳይዋ እናቱ መሆኗ ይገለጣል። ሥራዋ ዘግናኝ ነው፤ ምክንያቷ ግን ይገባናል፤ ልጇን ሐይቅ የበላባት እናት ናት። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ያን የሰመጠ ልጅ ጎልማሳ አድርጎ፣ እዚያው ጫካ ውስጥ አኑሮ፣ የእናቱን ደም እንዲመልስ ይልከዋል። ልጁ በሕይወት ከነበረ፣ እናቱ ከሃያ ዓመት በላይ ያለቀሰችው ለማን ነው? እርሱስ ወዲያ ማዶ እያለ ለምን አንድ ቀን «እማዬ» ብሎ አልተጣራም? የመጀመሪያውን ፊልም የጻፈው ቪክተር ሚለር ጄሰን ገዳይ መደረጉን እንዳልወደደው ተናግሯል። እውነቱን ነው። የሕፃኑ ሞት የታሪኩ ምሰሶ ነበር፤ ምሰሶው ሲነቀል የእናትየው ሐዘን መሳቂያ ሆነ።

ልዩነቱ ይኸው ነው። ገጸ ባሕርይ ሲሳሳት ሰው መሆኑን ያሳያል፤ ደራሲ የራሱን ሕግ ሲያፈርስ ግን ተመልካቹን ይንቃል። ሰነፍ ደራሲ የለም አልልም፤ ባለታሪኩን በየእርምጃው እያደናቀፈ ፊልም የሚያስረዝም ሞልቷል። መለኪያዬ ግን ስሕተቱ ከሰውየው ባሕርይና ከደረሰበት መከራ መፍለቁ ነው፤ የብልኅነቱ መጠን አይደለም።

ከራሳችን ልጥቀስ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ባላገሮቻቸው ላይ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ ይማረካሉ። ከዚህ የባሰ ሞኝነት የት ይገኛል? ወዳጄ ግን ይህን መጽሐፍ በየዓመቱ ያስተምራል፤ ክፍተት ሲለውም ሰምቼው አላውቅም። የሽማግሌ ባላባት ትዕቢት «የተዋጣ ገጸ ባሕርይ» ከተባለ፣ የአንዲት ኮረዳ ድንጋጤ ለምን «ክፍተት» ይባላል?

ወዳጄ ሆይ፣ ደረጃው ላይ የምትሮጠውን ልጅ ስታይ ከመሣቅህ በፊት አንድ ጊዜ ራስህን ጠይቅ፤ ፈርተህ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ። የሮጥሁትም በተሳሳተው አቅጣጫ ነበር።

ቸር እንሰንብት።