ወርቅ በእህል ሚዛን አይመዘንም

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። እግር ይከብዳል፣ ሚዛን ይጠፋል። ፊዚዮቴራፒ በሽታውን ባያጠፋውም አካሄድን ሊያሻሽል ይችላል። ግን መሻሻሉ በምን ይለካል?

ሐኪሞች አብዝተው የሚጠቀሙበት አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ኩርትዝኪ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት ከ0 እስከ 10 የሚቆጥር መለኪያ ነው። 100 ሜትር ለመሄድ ከዘራ የሚያስፈልገው ሰው 6 ይሰጠዋል። ይህ ሰው ከወራት ልምምድ በኋላ ያንኑ ከዘራ ይዞ ቀልጠፍ ብሎ፣ ሳይወድቅ ቢራመድም ቁጥሩ ያው 6 ነው። በዚህ ተነስቶ «ሕክምናው ለውጥ አላመጣም» ማለት በሕመምተኛው ላይ መፍረድ ነው። ውጤት የለውም ለተባለ ሕክምና ማን በጀት ይመድባል?

የተሻለ መንገድ አለ። 25 ጫማ፣ ማለትም 7.62 ሜትር፣ በስንት ሰከንድ እንደሚራመድ ይለካ፤ የ20 በመቶ ለውጥ ትርጉም እንዳለው ይቆጠራል። በ6 ደቂቃ የሚሸፍነው ርቀትም ጽናቱን ያሳያል።

ኮሪደር ግን ገበያ አይደለም። ደረጃ መውጣትን፣ ቆሞ መቆየትን፣ ለመራመድ የሚጠይቀውን ጥረት የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ለዚህም ስለ አካሄድ 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ተዘጋጅቷል። ድካምና ሙቀት ሕመሙን ስለሚያብሱም በፊትና በኋላ የሚለካው በተመሳሳይ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ሜትር፣ የስልክ ሰዓትና ወረቀት ነው። ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም አይከብድም። የሚከብደው ሕመምተኛውን «አሁን ምን መሥራት ቻልክ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ነው።