የመውጫ ፈተናው የማያየው ማሳ

የመውጫ ፈተና፣ ማለትም ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት የሚወስደው አገር አቀፍ ምዘና፣ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የተሰጠው ዋና ምክንያት ተመራቂዎች ለሥራ ገበያው የሚያስፈልገውን ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት መያዛቸውን ያረጋግጣል የሚል ነበር። ይህ አባባል ከዚያ ወዲህ ከታሰበለት ቦታ አልፏል። የየተቋማቱ የማለፍ ምጣኔ የጥራት ማስረጃ ተደርጎ መጠቀስ በመጀመሩ፣ የምርጫ ቅጽ የሚሞሉ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሻል ለማወቅ ሲሹ መልሱን ከዚያው ቁጥር ይፈልጋሉ። ለሆርቲካልቸር ተማሪ፣ ማለትም አትክልትን፣ ፍራፍሬን፣ አበባን፣ ሥራ ሥርንና ቅመማ ቅመምን አምርቶ ለገበያ የማድረስን ሳይንስ ለሚያጠና ወጣት፣ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስት መመሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ፈተናው ያረጋግጣቸዋል ከተባሉት ከሦስቱ መካከል ዕውቀት የሚለውን መቀበል ይቻላል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ፣ ጥያቄዎቹም ከተደረደሩ አማራጮች አንዱን የሚያስመርጡ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ የሆነ ነው። በዚህ መንገድ ተማሪው የናይትሮጅን እጥረት ቀድሞ የሚታየው በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ መሆኑን ማወቁን፣ ቲማቲምና ድንች የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት በመሆናቸው በሽታ ስለሚጋሩ በአንድ መሬት ላይ ተከታትለው እንዳይተከሉ መምከር መቻሉን መለካት አያዳግትም። አመለካከት በምርጫ ጥያቄ እንዴት እንደሚለካ ለማስረዳት የሞከረ የለም፤ ስለዚህ እርሱን ትቶ ማለፍ ይሻላል። ሙግቱ ያለው ክህሎት ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሆርቲካልቸር ትምህርት ከክህሎት ከተነጠለ የሚቀረው ከአጠቃላይ የዕፅዋት ሳይንስ የተቀነጫጨበ ንባብ ብቻ ነው።

አቮካዶን ማዳቀል ለዚህ በቂ ማሳያ ይሆናል። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ፍሬውም የእናቱን ጠባይ አይጠብቅም፤ በመሆኑም የውጭ ገበያ የሚፈልገው ሃስ የተባለው ዝርያ የሚባዛው ከሌላ አቮካዶ ዘር በበቀለ ችግኝ ላይ የሃስን ቀንበጥ በመግጠም ነው። አሠራሩ በወረቀት ላይ ጥቂት መስመር አይሞላም፤ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያህል የደረሰ ችግኝ ይቆረጥና መሐሉ ይሰነጠቃል፣ ቀንበጡ በሁለት በኩል ተጠርቦ እንዲሾል ይደረጋል፣ ከቅርፊት ሥር ያለውና አዲስ ሕዋስ የሚያፈራው ካምቢየም የተባለ ስስ ሽፋን ከችግኙ ካምቢየም ጋር እንዲገናኝ ሆኖ ይገባል፣ ከዚያም በፕላስቲክ ጥብጣብ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ይህን ያነበበ ሁሉ የፈተናውን ጥያቄ በትክክል ይመልሳል። ምላጩን ሲይዝ ግን የተጠረበው ገጽ ሸካራ ይሆንበታል፣ ሲያመነታ ቀንበጡ ይደርቅበታል፣ ማሰሪያው ይላላበታል፤ መሳሳቱንም የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ቀንበጡ ጠቁሮ ሲያገኘው ነው። በትምህርት ዘመኑ ብዙ ችግኝ አዳቅሎ፣ ከዚያም ብዙውን አበላሽቶ እጁ የተፍታታ ተማሪ ችግኝ ጣቢያ ሲቀጠር በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይይዛል፤ አንድም ችግኝ ሳይነካ 90 ያመጣው ተማሪ ግን ዲግሪው ሊያስተምረው ይገባ የነበረውን በአሠሪው ኪሣራ መማር ይጀምራል። የመውጫ ፈተናው እነዚህን ሁለት ተማሪዎች ሊለያቸው አይችልም፤ እንዲያውም ሁለተኛውን ሊያስቀድመው ይችላል።

ማዳቀል አንዱ ብቻ ነው። የወይን ወይም የፖም ዛፍ ሲገረዝ የትኛው ቅርንጫፍ ለሚቀጥለው ዓመት ፍሬ እንደሚቀር መወሰን፣ የጠብታ መስኖ መስመር የት ላይ እንደተደፈነ ከተክሉ መጠውለግ መለየት፣ በግሪን ሃውስ ውስጥ በጽጌረዳ ቅጠል ጀርባ ያለውን ጥቃቅን ተባይ ቁጥሩ ሳይበዛ ማየት፣ የተረጨው ፀረ ተባይ ከሰብሉ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ለቀማው ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት አውቆ በአዝመራው ጥድፊያ መሐል ለቀማውን ማስቆም፣ እነዚህ ሁሉ በዓይን፣ በእጅና በድፍረት የሚማሩ ናቸው። ክህሎትን ያረጋግጣል የተባለው ፈተና ከእነዚህ አንዱንም አያይም፤ ስለማያየውም ነገር ያረጋገጠው የለም።

ጉዳቱ ፈተናው በማያየው ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ሐሳቡን በለዘብታ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ተቋም በማለፍ ምጣኔ መመዘን ሲጀምር ያለውን ሰዓትና ገንዘብ ምጣኔውን ከፍ ወደሚያደርገው ሥራ ማዞሩ የማይቀር ነው። ለመስኖ ፓምፕ ጥገና ሊውል ይችል የነበረ በጀት ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለሞዴል ፈተና ይውላል፤ በመጨረሻው ዓመት፣ ተማሪው ከእርሻ ድርጅት ጋር የሚያሳልፈው የተግባር ልምምድ ሊረዝም ሲገባው፣ ቀኖቹ በክለሳ ይያዛሉ። ፈተናው ምንም አልጠቀመም ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ለዓመታት ሲድበሰበስ የኖረን ጉድለት አደባባይ አውጥቷል። ጉድለትን ማሳየት ግን ብቃትን ከማረጋገጥ የተለየ ሥራ ነው፤ ፈተናው ሁለተኛውን ለራሱ መስጠቱ ነው ስሕተቱ።

ለዚህ ክርክር ሊቀርብ የሚችለው ጠንካራው መልስ ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ ነው፣ ኮርሶቹም በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ የተቋሙ ቦታ ልዩነት አያመጣም የሚል ነው። ለሒሳብ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሆርቲካልቸር ግን ቦታው ራሱ ከኮርሱ ግማሹ ነው። የደጋ ፍራፍሬ የሚለው ኮርስ በሁሉም ዘንድ አለ፤ ፖም ግን ፍሬ ለማፍራት የብርድ ሰዓት፣ ማለትም እንቡጡን ከእንቅልፉ ለማንቃት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች የሚጠራቀም የቅዝቃዜ ጊዜ፣ ስለሚፈልግ ቆላማ ግቢ ውስጥ ኮርሱ ከመጽሐፍ ሊያልፍ አይችልም። አርባ ምንጭ የሚማር ተማሪ ለአዲስ አበባ ገበያ የሚቀርበው ሙዝ በብዛት ከሚመረትበት ቆላ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ወዳለው የጨንቻ ደጋ ሲወጣ የፖም ዛፎችን ያገኛል፤ በአንድ ቀን ጉዞ ሙዝ ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ እንዴት እንደሚባዛ፣ ፖም ደግሞ ቅዝቃዜው ባነሰበት ቦታ ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎችን እንዴት እንደሚሻ ማነጻጸር ይችላል። ይህን ዕድል የሰጠው መልክዐ ምድሩ እንጂ የተጣጣመው ሥርዓተ ትምህርት አይደለም። በጅማ ደግሞ ረጅሙ ዝናብና እርጥበቱ ተማሪውን ከቡና፣ ከቅመማ ቅመምና ከፈንገስ በሽታዎች ጋር ያገናኘዋል፤ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከልም በቅርብ አለ። ባሕር ዳር የሚማረው 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የታቀደውን የቆጋ መስኖና በዚያ የሚለማውን አቮካዶ ሊያይ ይችላል። ሐረማያ የሚማረው፣ በአካባቢው ድንችና ሽንኩርት ጫት ከሚለማበት ማሳ ጎን ለጎን ሲበቅሉ ከማየቱም በላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደበት ሐይቅ በ1990ዎቹ እንዴት እንደደረቀ፣ የውኃው መሳብና ደለሉ ምን ድርሻ እንደነበራቸው ከአገሬው ሰው ጠይቆ የመስኖን ገደብ ሊረዳ ይችላል። እነዚህ ተቋማት አንድ ናቸው ማለት ሳይንሱን አለማወቅ ነው።

እዚህ ላይ የሐረማያን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1940ዎቹ በኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ እገዛ የተቋቋመውና ያኔ የአለማያ ኮሌጅ ይባል የነበረው ይህ ተቋም የተነደፈው ማስተማርን፣ ምርምርንና የገበሬ ምክር አገልግሎትን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያካሂድ ነበር፤ ያስተማረው ይመራመራል፣ የተመራመረውም ለገበሬው ያደርሳል የሚል ሐሳብ ነው። ቆይቶ የምክር አገልግሎቱ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ አገር አቀፉ ምርምር የራሱ ቤት አገኘ። ለምርምሩ ጥቅም ነበረው፤ ለተማሪው ግን በመማሪያ ክፍሉና አዲስ ዝርያ በሚወጣበት ማሳ መካከል አጥር ቆመ። ዛሬ አገሪቱ በአትክልትና ፍራፍሬ ምርምር የምትመካበት የመልካሳ ማዕከል ከአዳማ ወጣ ብሎ ይገኛል፤ በአዳማ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ግን የሳይንስና ቴክኖሎጂ እንጂ የግብርና አይደለም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሻሻልበትን ቦታ የሆርቲካልቸር ተማሪ በአንድ የጉብኝት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ብቻ ካየው፣ ያየው ሰሌዳውን ነው።

ከማሳ የመራቅ ዋጋ በይበልጥ የሚታየው አዲስ ተባይ ሲመጣ ነው። የማንጎ ነጭ ልጣፍ ነፍሳት በምዕራብ ኦሮሚያ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ታየና ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ፤ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨችው የቲማቲም ቅጠል በሊታ፣ ቱታ አብሶሉታ የምትባለዋ የእሳት እራት፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገር ገባች። ሁለቱም ሲገቡ በየትኛውም የፈተና ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም፤ የሚቀጥለውም ተባይ እንዲሁ ይሆናል። ቅጠል እየገለበጠ የሠለጠነ ባለሙያ ያላየውን ነገር ሲያይ ይቆማል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ያሳውቃል፤ በአማራጭ መልስ የሠለጠነው ግን የሚያየው ነገር ከአራቱ አማራጮች ውጭ በመሆኑ ያልፈዋል። ገበሬው ዋጋ የሚከፍለው በዚህ ልዩነት ነው።

እንግዲህ ኮሌጅ የሚመርጥ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው። በጥርና በየካቲት፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ የተማሪዎች ማሳ ውኃ ያገኛል ወይ? ለእያንዳንዱ ተማሪ ከዘር እስከ ሽያጭ የሚከታተለው የራሱ መደብ ይሰጠዋል ወይስ አንዱ ሲቆፍር ሠላሳው ቆሞ ያያል? የችግኝ ጣቢያው ችግኝ የሚሸጥ ነው ወይስ ለጎብኚ የሚታይ? መምህሩ ከዝዋይ፣ ከሆለታ ወይም ከቢሾፍቱ የአበባ እርሻዎች ጋር ተማሪ የሚልክበት ውል አለው? የርጭት ልብስና ጭንብል በበቂ መጠን አለ? ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው ከሁሉ ይበልጣል፤ መስኖ የሌለው ግቢ የሆርቲካልቸር ዲግሪ በክረምት ብቻ ያስተምራል፣ በክረምት ደግሞ የትምህርት ዘመኑ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ ትምህርት ሚኒስቴር እያንዳንዱ የግብርና ኮሌጅ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ ቢያስገድድ፣ የማለፍ ምጣኔውን ከማተም የበለጠ ያገለግል ነበር።

ነገር ግን ምርጫ የሚለው ቃል ራሱ ለአብዛኛው ተማሪ እውነት መሆኑ አጠያያቂ ነው። ምደባው በፈተና ውጤት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ብዙዎች ግብርና ውስጥ የሚገኙት ሕክምናና ምሕንድስና ካመለጧቸው በኋላ ነው፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ ያገኙት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከ4 በመቶ በታች በሆኑበት አገር ደግሞ ያለፈው ተማሪ አማራጭ ስላለው ወደ ግብርና ዞር የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል። ወደ ግብርና የሚገባው ደግሞ ከግቢው ማሳ በፊት የሚያሰላው የመንገዱን ሰላምና ከቤተሰቡ ያለውን ርቀት ነው፤ ማንም በዚህ ሊወቅሰው አይችልም። የማሳው ውኃ፣ የመደቡ ስፋትና የተግባር ሰዓቱ ተጽፎ ቢወጣ እንኳ ለእንዲህ ያለ ተማሪ ምን ያህል ሊጠቅመው እንደሚችል፣ ኮሌጆቹስ ራሳቸው ስለ ራሳቸው የሚያሳውቁትን በእውነት ይጽፉ እንደሆነ ወይስ እንደ ማለፍ ምጣኔው አዲስ የሚያሳድዱት ቁጥር ይሆንባቸው እንደሆነ፣ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።